«ካሳነሽ ከሆንሽ እሷው ነሽ» ላሉኝ ሴት ምን ብዬ ልመልስ?

ካሳነሽ (ሊባኖስ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ሊባኖስ ከመጣሁ ስድስት ዓመት አለፈኝ። ከቤይሩት ወደ ላይ፣ አሌይ አካባቢ ተራራው ላይ አንድ አሮጊት እንከባከባለሁ። ቤተሰቡ ድሩዝ የሚባለው ሃይማኖት ተከታይ ነው። «ሲቲ» ነው የምላቸው፣ አያቴ እንደ ማለት።

ድሩዞች ሰው ሲሞት ነፍሱ ወዲያው ወደሚወለድ ሕፃን ትገባለች ብለው ያምናሉ። «ተቀሙስ» ይሉታል። ቀሚስ ከሚለው ቃል ነው የመጣው። ሥጋ የነፍስ ቀሚስ ነው፤ ሲያልቅ ይወልቃል፣ ሌላ ይለበሳል። መጀመሪያ ስሰማ ደነገጥኩ። ቀሚስ የእኛም ቃል ነዋ!

ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ማቴ እንጠጣለን። ማቴ ከአርጀንቲና የተመለሱ ስደተኞች ይዘውት የመጡ ቅጠል ነው። ቅል በምታክል ዕቃ ሙቅ ውሃ ይጨመርበትና በብረት መምጠጫ ይጠጣል። አንዱ ሲጨርስ ሲቲ የመምጠጫውን አፍ በሎሚ ልጣጭ ጠረግ አድርገው ለሚቀጥለው ይሞላሉ። አንድ ቀን እንዲህ ተቀምጠን የስሜን ትርጉም ጠየቁኝ።

ከእኔ በፊት አንዲት እህት ነበረችኝ። በሦስት ዓመቷ ኩፍኝ ወሰዳት። ከሁለት ዓመት በኋላ እኔ ተወለድኩ፣ እናቴ ካሳነሽ አለችኝ። ይህንን በምችላት ዓረብኛ ነገርኳቸው። ሲቲ የያዙትን አስቀመጡት።

«መቼ ሞተች? አንቺስ መቼ ተወለድሽ?»

በጣታቸው ቆጠሩ። «በመሃል አንድ አጭር ሕይወት አለ፣ እሱን አታስታውሺውም። ግን እሷው ነሽ። ወደ እናትሽ ነው የተመለስሽው» አሉና እጄን ይዘው ሳሙኝ።

ለእሳቸው ይሄ የጨዋታ ወሬ አይደለም። ልጃቸው በሞተር ሳይክል አደጋ የሞተባቸው ጎረቤት አሉ፤ ባለፈው ዓመት እነሱ ቤት አንድ የአራት ዓመት ልጅ ቤተሰቦቹ ይዘውት መጡ። ከሌላ መንደር ነው። «ቤቴ ውሰዱኝ» እያለ አላስቀምጥ ብሏቸው ነው። ቡና እንዳቀርብ ተጠርቼ ስለነበር ሁሉንም አይቻለሁ። አንዲት አክስት «አልጋህ ይሄ ነው አይደል?» ስትለው ሰማሁ። እንዲህ ተጠይቆ ልጁ ምን ይበል? ግን ደግሞ ማንም ሳይነግረው ሄዶ የሟቹ እናት ጭን ላይ ተቀመጠ። እሳቸውም አናቱን አሸተቱት፤ እኛ አገር የሕፃን አናት እንደሚሸተተው። ትንፋሽ ሲስቡ አየኋቸው። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ለልጁ ልብስ ይልካሉ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። እናቴ ያረፈችው እኔ እዚህ እያለሁ ነው። መርዶዬን በስልክ ሰማሁ። ሲቲ «በቃ፣ ብዙ አታልቅሺ። አሁን አንድ ቤት እልል እየተባለላት ነው» አሉኝ። ተናደድኩ። እናቴን የሌላ ሰው ልጅ አደረጉብኝ። እና ፍትሐት ያስፈታሁት፣ ለተዝካሯ ገንዘብ የላክሁት ለማን ነው? ማታ ስተኛ ግን «እልል እየተባለላት ነው» የምትለዋ ቃል አልለቀቀችኝም።

ሃይማኖት ልለውጥ አይደለም። እነሱም ቢሆኑ እ.ኤ.አ. ከ1043 ጀምሮ ከውጭ ሰው አይቀበሉም። በግልጽ መነጋገር ፈልጌ ነው። የእኛ ሰው ልጁን ካሳነሽ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ ሲል ምን ማለቱ ነው? ለሲቲስ ሳላስከፋቸው ምን ልበላቸው? ስድብ እንዳይሆን አደራ።

የአብነት ተማሪ (ጎንደር)፦

እህት ካሳነሽ፣ እናትሽን ነፍስ ይማር። ፍትሐቱም ተዝካሩም ለእናትሽ ነው፣ አትጠራጠሪ። ዕብራውያን 9፥27 ላይ ለሰው አንድ ጊዜ መሞት፣ ከዚያም ፍርድ እንደተመደበበት ተጽፏል። የምንጠብቀውም ትንሣኤ ሙታንን ነው። በቀሚስ ከሆነ፣ ሌላ አይሰፋላትም። ያው የራሷ ነው የሚታደስላት።

ብዙዎች ማቴዎስ 11፥14ን ያነሳሉ፤ ጌታ መጥምቁ ዮሐንስን ኤልያስ ይለዋል። ኤልያስ ግን በእሳት ሠረገላ ተወሰደ እንጂ አልሞተም። ሉቃስ 1፥17ም «በኤልያስ መንፈስና ኃይል» ብሎ ይፈታዋል።

ነፍስ በደረጃ ታድጋለች የሚለው ግን እኛም ዘንድ አለ። አባቶች አሥር ማዕረጋት ይቆጥራሉ። ሦስቱ በንጽሐ ሥጋ፣ አራቱ በንጽሐ ነፍስ፣ ሦስቱ በንጽሐ ልቡና ናቸው። ከጽማዌ (ከዝምታ) ተጀምሮ ከዊነ እሳት (እሳት መሆን) ይደረሳል። ይህ ሁሉ በአንድ ዕድሜ ነው፤ ስለዚህም ነው ዛሬን የምንሳሳላት። አራተኛው ማዕረግ አንብዕ ነው፣ እንባ። የኃጢአት እንባ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ለእናትሽ ማልቀስሽ አያሳፍርሽም።

ከሐይፋ (እስራኤል)፦

እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ፣ በ1983 በሰሎሞን ዘመቻ ነው የመጣሁት። እዚህ አይሁዶች መካከል «ጊልጉል» የሚሉት አለ፣ ነፍስ ወደ ሌላ ሥጋ ትዞራለች የሚል፤ ቃባላ ከሚባለው የአይሁድ የምሥጢር ትምህርት የመጣ። ጎንደር ሳለን ሰምቼው አላውቅም። ቄሶቻችን ኦሪት ነበር የሚያነቡልን፣ ቃባላ እኛ ጋ አልደረሰም።

አብራኝ የምትሠራ የድሩዝ ነርስ አለች፣ ከዳሊያት አል ካርሜል። ለምን ታምኛለሽ ብዬ ጠየቅኋት። «አንዱ ጠግቦ ኖሮ፣ አንዱ ተርቦ ኖሮ እኩል ሊፈረድባቸው ነው? ነፍስ ሁሉንም መቅመስ አለባት፣ ሀብቱንም ድህነቱንም፣ ጤናውንም በሽታውንም። ፍርዱ ከዚያ ነው» አለችኝ። አላመንኩም፣ ግን ከባድ ጥያቄ ነው። ዛሬም አስበዋለሁ።

ስለ ስሙ ልንገርሽ። ወንድሜ ማስረሻ ነው የሚባለው፣ እሱም ከሞተ ልጅ በኋላ የተወለደ። እስቲ ስሙን አስተውዪው። እነሱ ዘንድ ልጁ የሚከበረው ስላስታወሰ ነው። እኛ ዘንድ ልጅ የሚወለደው ሊያስረሳ ነው። ካሳም የጠፋው አልተመለሰም ማለት ነው። ከብትህ ቢሞት ካሳ ይሰጥሃል፣ ያው ከብት ግን አይመጣም።

ከቨርጂኒያ፦

እዚህ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ኢያን ስቲቨንሰን የሚባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበሩ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ያረፉ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሊባኖስ ድረስ ሄደው እንዲህ ያሉ የድሩዝ ልጆችን አነጋግረዋል። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልቆመም። ትልቁ ነጥብ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ከመገናኘታቸው በፊት ልጁ ያለውን የጻፈ ሰው አለ ወይ የሚለው ነው። ከተገናኙ በኋላ ትልልቆቹ ሳያውቁት ለልጁ መልሱን ይነግሩታል። አንቺ የሰማሻት «አልጋህ ይሄ ነው አይደል?» ማለት ይቺ ናት። ጎበዝ ነሽ።

ካሳነሽ (ሊባኖስ)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአብነት ተማሪው፣ ስለ ቀሚሱ ያልከውን ለሲቲ ነገርኳቸው። ዝም ብለው አዳመጡ፣ አልተቆጡም።

ከሐይፋ የጻፍሽውንም ነገርኳቸው። «ስሜ እህቴ ተመለሰች ማለት አይደለም። እናቴ እንድትረሳት ነው» አልኳቸው። ሐሙስ ነበር፣ ለጸሎታቸው ሊሄዱ ነጭ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ነው። እጃቸው ሻሹ ላይ እንዳለ ዞር ብለው አዩኝ።

«እና ረሳቻት? ስሟ ማን ነበር?»

አላውቀውም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አላውቀውም። ቤታችን ውስጥ አንድም ቀን ተጠርቶ አያውቅም።

ማታውኑ አክስቴ ጋ ደወልኩ። ብዙ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ። «እናትሽ አደራ ብላኝ ነበር» አለችና አለቀሰች፣ ከዚያ ነገረችኝ። የክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ ነው። ከእናቴ ስም ጋር ለጸሎት እንዲጠራልኝ ለነፍስ አባታችን ልኬዋለሁ።

ሲቲም በማግሥቱ ጠየቁኝ፣ አልዘነጉም። «ወለተ» የምትለዋ እሺ አለቻቸው፣ «ሥላሴ» ላይ ምላሳቸው ይያዛል። ማቴው እስኪቀዘቅዝ ድረስ እያስደገምኳቸው ተቀመጥን።