በዋስ ወጥቶ ከአገር የጠፋ ተከሳሽ፦ ዋሱና መዝገቡ ምን ይሆናሉ?

ቦርከና፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ላይ በአታላይነት ተከሶ በ50,000 ብር ዋስ የተለቀቀ ሰው በጅቡቲ በኩል ሳዑዲ ገብቷል። ዋሱ የቤቱን ካርታ አስይዟል፤ ቀጠሮው ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። በሌለበት ይፈረድበታል? ካርታውስ ምን ይሆናል?

ጦሳ፦ ከሁሉ በፊት ዋሱ ይታሰብ። ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ነገ ዛሬ ሳይል በጽሑፍ ያመልክት፦ ተከሳሹ ከአገር ወጥቷል፣ የማውቀው አድራሻ ይህ ነው፣ ከዋስትናው ልውረድ ይበል። የዋስትና ግዴታውን ኮፒ ያያይዝ፤ መዝገብ ቤት ማኅተም የመታበትን ቅጂም ለራሱ ይያዝ። ሰውየው ካመለጠ በኋላ ማመልከት ብቻውን ከግዴታ አያወጣም፤ ጊዜ ለመጠየቅ ግን መነሻ ይሆነዋል። በቀጠሮው ቀን ባዶ እጁን የቆመ ዋስ ነው የሚጎዳው። ተከሳሹ ካልቀረበ ገንዘቡ ለመንግሥት ገቢ ይሁን ይባላል፤ ካልተከፈለ ቤቱ ለሐራጅ ይቀርባል። ተበድሮም ቢሆን ብሩን ከፍሎ በቤቱ ካርታ ላይ ያለውን እግድ ማስነሳት ይሻለዋል። አብሽር፣ በተከሳሹ ፋንታ አይታሰርም። ማምለጫውን አመቻችቶ ከሆነ ግን ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ሐይቅ ዳር፦ በሌለበት ስለመዳኘት፦ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 161 ይህን የሚፈቅደው ከ12 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራት ለሚያስቀጣ ወንጀልና ለተወሰኑ የመንግሥት ገቢ ነክ ወንጀሎች ነው። አታላይነት (የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692) ጣሪያው 5 ዓመት ጽኑ እስራት ስለሆነ እዚያ አይደርስም። የመያዣ ትእዛዝ ይወጣል፤ ፖሊስ አላገኘሁትም ሲል ዳኛው «ተከሳሹ በተገኘ ጊዜ ዐቃቤ ሕግ ክሱን የማንቀሳቀስ መብቱ የተጠበቀ ነው» ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። ሰው «ተዘጋ» የምትለዋን ብቻ ሰምቶ ነፃ ወጣ ይላል። አልወጣም። ይርጋው (ክስ ማቅረብ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ) 10 ዓመት ነው፤ ክሱን የሚመለከት እርምጃ በተወሰደ ቁጥር እንደ አዲስ ይቆጠራል፤ ከእጥፉ፣ ከ20 ዓመት፣ ግን አያልፍም።

ቦርከና፦ ክሱ ወደ ከባድ ቢለወጥስ? ኢንተርፖልስ?

ሐይቅ ዳር፦ ያኔ ጥሪ በጋዜጣ ይወጣል፣ ካልቀረበ የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ተሰምቶ ይፈረዳል። ፍርዱን ባወቀ በ30 ቀን ውስጥ ይነሳልኝ ማለት ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ወይ መጥሪያ አልደረሰኝም ወይ ከአቅም በላይ ነገር ያዘኝ ነው። ቀጠሮውን ሰምቶ የጠፋ ሰው ይህን ለማሳመን ይከብደዋል። የኢንተርፖል ቀይ ማስታወቂያ (ተፈላጊው እንዲያዝ ለአባል አገሮች ፖሊስ የሚላክ ጥያቄ) በፌዴራል ፖሊስ በኩል ይጠየቃል፤ በራሱ የእስር ትእዛዝ አይደለም፣ ያዙት ወይም ተዉት የሚለው ያለበት አገር ሕግ ነው።

ጦሳ፦ ተበዳዩም ዝም አይበል። ለገንዘቡ የፍትሐ ብሔር ክስ ለብቻው ይመሥርት፤ ሰውየው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ቤት ወይም መኪና ካለው ሳይሸጥ እንዲታገድለት ከክሱ ጋር ያመልክት።