«ኦርደር» ሁልጊዜ ትእዛዝ አይደለም

ሰሞኑን ባየሁት አንድ የውጭ ፊልም፣ ችሎቱ በጫጫታ ሲናወጥ ዳኛዋ መዶሻቸውን እየመቱ የተናገሩት ቃል ከምስሉ ግርጌ «ትእዛዝ! ትእዛዝ!» ተብሎ ተተርጉሞ አነበብሁ። ዳኛዋ ችሎት የሚያስከብሩ ሳይሆን ወደ ማድ ቤት «አንድ ክትፎ!» ብለው የሚጣሩ መሰሉኝ። ተርጓሚው የዘነጋው፣ «ኦርደር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ትእዛዝ ከመሆኑ አስቀድሞ ሥርዓት የነበረ መሆኑን ነው።

ቃሉ ከላቲኑ «ኦርዶ» ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባ ነው። «ኦርዶ» ረድፍ፣ ተራ፣ ማዕረግ ማለት ሲሆን፣ የቃላትን ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች ሸማኔ ድሩን ዘርግቶ ሥራ መጀመሩን ከሚገልጸው «ኦርዲሪ» ከሚባለው ግስ ጋር ያዛምዱታል። እኔ የወደድሁት ይህን ነው፤ ማጉ ከመግባቱ በፊት ክሩ አንዱ ካንዱ ሳይወሳሰብ ጎን ለጎን ሲደረደር ያየ ሰው፣ ሥርዓት የሚለው ሐሳብ ከየት እንደመጣ ሌላ ማስረጃ አያሻውም። እንግሊዞች በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቃሉን በተለይ በአንድ ደንብ ለሚተዳደሩ የመነኮሳት ማኅበራት ይጠቀሙበት ነበር። «ትእዛዝ» የሚለው ፍቺ የተጨመረው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ሰውን በየተራው የሚያቆም «ቁም» ማለቱ አይቀርምና።

በእኛ ዘንድ ሁለቱ ሐሳቦች ለየብቻ ቃል አላቸው። «ሥርዓት» የመጣው መደርደርንም መደንገግንም ከሚያመለክተው ከግእዙ «ሠርዐ» ስለሆነ የ«ኦርዶ» የቅርብ አቻ እርሱ ነው። «አዘዘ» ግን ሁልጊዜ ከወዲያ በኩል የሚታዘዝ ሰው ይፈልጋል። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝ የሚጽፈው ወረቀት «ማዘዣ» ይባላል፤ ምግብ ቤት ስንገባም አስተናጋጁ «ምን ልታዘዝ?» ይለናል። የእንግሊዝኛው አስተናጋጅ ትእዛዝ ይቀበላል፤ የእኛው ራሱ ይታዘዛል።

ስለዚህ የዳኛዋ ጩኸት «ሥርዓት ይከበር!» ወይም በቀላሉ «ጸጥታ!» መባል ነበረበት፤ የብሪታንያ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ይህንኑ ቃል ደጋግመው ሲጮኹም ነገሩ ያው ነው። «ሎው ኤንድ ኦርደር»ን ሁላችንም «ሕግና ሥርዓት» ብለን በትክክል ለምደነዋል። የተበላሸ ሊፍት ላይ የሚለጠፈው «አውት ኦቭ ኦርደር» ግን ትእዛዝም ሥርዓትም አያስፈልገውም፤ «አይሠራም» ብሎ መጻፍ ይበቃል።