«ጠማማ ግድግዳ ይቃናል እንጂ አይለቀስለትም»

የበርሚንግሃም ልጅ፦ ትናንት እዚህ አንዱ «ፈረንጅ ሥራ ሲፈታ ለመጠጥ ቤት ያለቅሳል። ጠማማ ግድግዳ ይቃናል እንጂ አይለቀስለትም» ብሎ ጻፈ። ስንቱ አጨበጨበለት! ደሜ ፈላ። እንግሊዝ አገር ሂምሊ የነበረው ክሩክድ ሀውስ፣ «ጠማማው ቤት» የሚባለው መጠጥ ቤት፣ ከእኔ ሰፈር ሩቅ አይደለም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1765 የእርሻ ቤት ሆኖ ነው የተሠራው። ከሥሩ ከሰል ሲቆፈር አንዱ ጎኑ ከሌላው በ1.2 ሜትር ገደማ ዝቅ አለ። ጉዱ ውስጡ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ኳስ ስታስቀምጥ ሽቅብ የሚንከባለል ይመስላል። ለስላሳ ጠጥተህ የሰከርክ ይመስልሃል። በኦገስት 2023 ተቃጠለ። ሁለት ቀን ሳይሞላ በኤክስካቫተር ድምጥማጡ ጠፋ። በ2024 የአካባቢው ምክር ቤት ባለቤቶቹን «በሦስት ዓመት ውስጥ መልሳችሁ ሥሩት» አላቸው። እነሱም ይግባኝ አሉ። ይሄ ነው እንግዲህ «ሥራ መፍታት» የተባለው።

አናጢው፦ «አንዱ» እኔ ነኝ፣ ምን ያሽኮረምምሃል? ዕድሜዬን ሙሉ ቱምቢና ውሃ ልክ ይዤ ነው የኖርኩት። ያዘመመ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል። ይልቅ አንድ ነገር መልስልኝ። መልሰው ሲሠሩት አጣመው ነው የሚሠሩት? መሐንዲስ ቀጥረው፣ ሲሚንቶ አቡክተው፣ ሆን ብለው ሊያጣምሙት? ቅርስ ነው ቲያትር?

ባለብርሌ፦ አናጢው ስለ መቃናት ሲያወራ ደስ ይላል። ለእኔ የሠራልኝ ቁም ሳጥን ላይም ኳስ ይንከባለላል። ይግባኝ የሚባለው የት ነው?

አናጢው፦ የወለልህን ጥፋት በእኔ አታላክክ።

የፒያሳ ልጅ፦ እኔን ያንገበገበኝ «መጠጥ ቤት» የምትለዋ ናት። በእኛ አቆጣጠር ጥር 2007 ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል፣ ውስጡ የነበረው የጃዝ ቤት ጃዛምባ አብሮ ሲነድ፣ ከተማው ሁሉ አዝኗል። የዚያን ጊዜ «መጠጥ ይሸጥበት የለ፣ ምን ታለቅሳላችሁ» ያለ ሰው አልሰማሁም።

አናጢው፦ ጣይቱን ከዚህ ጋር አታምታታ! እቴጌ ያቆሙት፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል ነው። ያኛው ከሰል ቆፋሪ የሚሰክርበት ቤት ነው።

የፒያሳ ልጅ፦ አሃ። እቴጌ ካቆሙት ቅርስ፣ ከሰል ቆፋሪ ከጠጣበት ጠማማ ግድግዳ። አሁን ገባኝ።

ባለብርሌ፦ ጠማማውስ ግድግዳው አልነበረም።

ሕግ አዋቂ፦ ስሜቱን ቀነስ አድርጉት። እንግሊዝ ውስጥ በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ከውጭ ብቻ ሳይሆን ውስጡም ይጠበቃል። ክሩክድ ሀውስ ግን አልተመዘገበም ነበር። ምክር ቤቱ ከእሳቱ በኋላ ለደኅንነት ሲባል ከላይኛው ፎቅ የተወሰነው ክፍል እንዲነሳ ነው የተስማማው። ጠቅላላው ይፍረስ አላለም። ጭቅጭቁ እዚህ ላይ ነው። እሳቱን ማን ለኮሰው የሚለውን ለፖሊስ ተዉለት።

አናጢው፦ አልተመዘገበም! ሰማችሁ?

የበርሚንግሃም ልጅ፦ እናትህም ቅርስ ተብላ አልተመዘገበችም።

አናጢው፦ እናቴን ከዚህ አውጣ።

እትዬ ለንደን፦ ልጆቼ፣ እናት አትጥሩ። እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ለንደን፣ ማይዳ ቬል፣ ካርልተን ታቨርን የሚባል በፈረንጅ የ1920ዎቹ መጠጥ ቤት አለ። በ2015 ባለንብረቱ ያለ ፈቃድ አፈረሰው። በቅርስነት ሊመዘገብ ጥቂት ቀን ሲቀረው! የዌስትሚንስተር ምክር ቤት «እንደነበረው መልስ» አለ። በ2021 ተከፈተ። የቅርስ ሰዎች አስቀድመው ለክተውት፣ ፎቶ አንስተውት፣ የሸክላውን ቅርጽ ሳይቀር በጄሶ ወስደውለት ነበር። ልጄ ወስዳኝ ውስጡን አይቼዋለሁ። የጠጣሁት ሻይ ነው፣ እንዳታሙኝ።

አናጢው፦ እትዬ፣ በአክብሮት ነው የምናገረው። እሱ ቀጥ ያለ ቤት ነው። የተለካ ነገር ይሠራል። መሬት ከመቶ ዓመት በላይ ቀስ እያለች ያጠመመችውን ግን የትኛው አናጢ ነው በሦስት ዓመት የሚያጣምመው?

እትዬ ለንደን፦ እሱስ እውነትህን ነው። ግን ባዶ ሜዳ ይሻላል?

አናጢው፦ ከውሸት ባዶ ሜዳ ይሻላል።

የፒያሳ ልጅ፦ ይሄን አዲስ አበባ መጥተህ በለው። ባዶ ሜዳ የሚወድ ሰው ሞልቷል።

ባለብርሌ፦ እኔ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የእኛን ጠጅ ቤት ማን ለክቶት ያውቃል? ረጅሙ አግዳሚ፣ ጭስ የጠጣው ግድግዳ፣ ብርሌው የሚደረደርበት መደብ። እነሱ ሸክላ በጄሶ ይቀርጻሉ። እኛ ጋ ቤቱ ሲፈርስ የሚተርፈው የሰካራም ትዝታ ነው።

ሕግ አዋቂ፦ እሱንም ጠዋት ይረሳዋል።

አናጢው፦ ባለብርሌ፣ ይልቅ ቅዳሜ ውሃ ልክ ይዤ እመጣለሁ። ቁም ሳጥኑን አቃናልሃለሁ።

ባለብርሌ፦ ተወው። ለምጄዋለሁ።

የበርሚንግሃም ልጅ፦ ይኸው! አሁን ገባህ?

አናጢው፦ ምኑ ነው የሚገባኝ? ቁም ሳጥን እና መጠጥ ቤት አንድ ነው እንዴ?