የሞዴል ሄሊኮፕተር ማኅበራችን የጋራ ገመድ አልባ ስታርተር (የሞተር ማስነሻ) ግዢ፦ ለጉባኤ የሚቀርበው ረቂቅ እዚህ ይታረም

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። «ማኅበሩ ለጋራ አገልግሎት የሚውል አንድ ገመድ አልባ ስታርተር ከሁለት ባትሪና ሄሊኮፕተሩ ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ከሚያዞረው ዘንግ አንድ መለዋወጫ ጋር ይግዛ። ስታርተሩ መጠናቸው ከ30 እስከ 90 ያሉትን የናይትሮ (በሜታኖልና በናይትሮሜቴን ነዳጅ የሚሠሩ) ሞተሮች በሙሉ ማስነሳት የሚችል ይሁን።» ሐሙስ ማታ ይዘጋል። ጉባኤው ላይ ቆመን መጨቃጨቅ አልፈልግም። የሚወጣው ሁሉ እዚህ ይውጣ።

ገንዘብ ያዥ፦ ካዝናው ውስጥ ያለውን ታውቃላችሁ። የምንገዛው አንድ ጊዜ ነው። የቻርጀሩ ጉዳይ እንዳይደገም። ማን እንዳቃጠለው እስካሁን የነገረኝ የለም።

ባለ 90፦ የኔን ካላስነሳ እኔ የለሁበትም። መዋጮ እኩል ነው የምከፍለው። 30 ማለት 5 ሲሲ ገደማ ነው። 90 ደግሞ 15 ሲሲ። ሦስት እጥፍ! ያቺ ባለ 7.2 ቮልት ትንሿ ስታርተር የኔ ላይ ስትመጣ ፒስተኑ መጭመቅ ሲጀምር ቀጥ ነው የምትለው።

አዲስ ገቢ፦ ባለ ገመዱ ምን ሆነ? ይሠራ የለ እንዴ?

የሜዳ ኃላፊ፦ ይሠራል። አንድ ቀን ግን ሰው ይጎዳል። በግራ እጅህ የሮተሩን ራስ ይዘሃል፤ በቀኝህ ስታርተሩን። ገመዱ በጉልበቶችህ መሃል አልፎ ባትሪው ያለበት የሜዳ ሳጥን ጋ ይሄዳል። ሞተሩ ተነሣ እንበል። ስሮትሉ ከፍ ብሎ ከነበረ ፍሪሲዮኑ ይይዛል፣ ብሌዱ ልዙር ይላል፣ አንተ ደግሞ ከእግርህ ላይ ገመድ ትፈታለህ። በዚያ ላይ መቆንጠጫው ከባትሪው ሲላቀቅ ብልጭ የሚለው ነዳጁ አጠገብ ነው። ሜታኖል በጠራራ ፀሐይ ሲነድ ነበልባሉ አይታይም። የምታውቀው እጅህ ሲቃጠል ነው።

ጋሼ ሮተር፦ ያ ስታርተር ለማኅበሩ የሰጠሁት ነው። መቆንጠጫውን ሳያጠብቅ የሚያስነሳ ሰው ካለ ጥፋቱ የስታርተሩ አይደለም። ይኼ ይመዝገብልኝ።

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ የእርስዎን ስታርተር ማንም አልነካም። ጥያቄው የገመዱ ነው።

ባለ ካውያ፦ እንግዲያው አዲስ ለምን እንገዛለን? የጋሼን ስታርተር ስጡኝ። ገመዱን አሳጥሬ ሶኬት እበይዳለሁ፤ ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ሴል ሊፖ (ቀላሉ የሊቲየም ባትሪ) በማሰሪያ ይታሰራል። አለቀ። ሊፖ ሞልቶ 12.6 ቮልት ነው፤ ያ ከባድ የመኪና ዘር ባትሪ ከሚሰጠው ብዙም አይለይም። 3300 ሚሊ አምፔር ሰዓት፣ 25 ሲ (የአቅሙን 25 እጥፍ ይሰጣል ማለት ነው) የተጻፈበት ሊፖ በወረቀት ደረጃ 82 አምፔር ይሰጣል። ክብደቱ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ገመድ አልባ ማለት ይኸው ነው፤ ሌላ ተአምር የለውም።

ባለ 90፦ በወረቀት ደረጃ ብለሃል፣ ጥሩ። በክረምት ጠዋት ሊፖው በርዶ ያንን 82 ይሰጥሃል? ዘንጉን ስጭን ቮልቱ ወደ 10 ይወርዳል፣ ሞተሩም በዚያው ያቃስታል። ለ90 ወይ አራት ሴል ወይ በጊር የሚሠራ ነው የሚያስፈልገው። የሱሊቫን ዳይናትሮን የሚባለው ስታርተር ከ12 እስከ 24 ቮልት ይቀበላል፤ ስድስት ሴል ብታስሩበት ግድ የለውም። የጋሼ ግን ለ12 ተሠርቶ በ22 ከነዳችሁት ካርቦኑ በአንድ ወቅት ያልቃል። ማብሪያው ውስጥ ያለው ብረትም ተጣብቆ ይቀርና ጣታችሁን ስታነሡ እንኳ አያቆምም።

ነዳጅ ቀማሚ፦ 90ው እምቢ የሚለው ሁልጊዜ በስታርተር ድክመት አይደለም። ነዳጅ ሲጠጣ ነው። ፓምፑ እየሞላ ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደውን ቱቦ መቆንጠጥ ትረሳላችሁ፤ ታንኩ ይሞላና ቀሪው በካርቡራተሩ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ፈሳሽ ደግሞ አይጨመቅም። ዘንጉን ታስገባላችሁ፣ ቁልፉን ትጫናላችሁ፣ ሩብ ዙር እንኳ ሳይሄድ ጥርቅም። ያኔ ስታርተሩ እጃችሁን ነው የሚጠመዝዘው። ጉልበተኛ ስታርተር እዚህ ላይ ከተገኘ ወይ ቢዬላው ይታጠፋል ወይ ባለ አንድ አቅጣጫው ኩሽኔታ ይበላል። ካንዴላውን ፍቱ፣ ሄሊኮፕተሩን አዘንብሉ፣ በአጭሩ አዙሩት፣ ፊታችሁን ከቀዳዳው አርቁ። የሚረጨውን አይቶ የማያምን የለም። ስለዚህ ስድስት ሴል ለጋራ ዕቃ አልደግፍም። የሁሉም እጅ አንድ አይደለም።

የሜዳ ኃላፊ፦ ይኼን ረቂቁ ውስጥ አስገቡት። «ሞተሩ ከተያዘ አይጫን፤ ካንዴላው ይፈታ» የሚል።

ጸሐፊ፦ አስገብቻለሁ። ሁለተኛው ረቂቅ፦ «አንድ ስታርተር፣ ከ12 ቮልት በላይ የሚችል፣ ሁለት ባለ አራት ሴል ሊፖ፣ በቢጫው ኤክስ ቲ 60 ሶኬት፣ አንድ መለዋወጫ 6 ሚሊ ዘንግ።» የጋሼን ስታርተር የመቀየሩ ሐሳብ አማራጭ ሆኖ ይቀመጥ።

ባለ 90፦ ቢጫ ሶኬት? ማን ወሰነ?

ጸሐፊ፦ ማንም አልወሰነም። ብዙ ሰው ያለው እሱ ስለሆነ ጻፍኩት።

ባለ 90፦ ብዙ ሰው ማን ነው? ይኼን ማኅበር ያቋቋምን ሰዎች ሁላችንም ባትሪያችን ላይ ያለው ቀዩ ዲንስ ሶኬት ነው። የማኅበሩ ባትሪ ሜዳ ላይ ሲያልቅ ከየት ይምጣ? ከኔ ሳጥን። እሱ ደግሞ ቀይ ነው።

ባለ ካውያ፦ አዳፕተር አለ እኮ።

ባለ 90፦ አዳፕተር ማለት አንድ የሚላላ ነገር፣ አንድ የሚጠፋ ነገር ማለት ነው። ያለፈው አዳፕተር የት ነው ያለው?

ነዳጅ ቀማሚ፦ ቀዩን በዘይት እጅ ነቅላችሁ ታውቃላችሁ? የናይትሮ ነዳጅ ውስጥ ያለው ዘይት ሁሉም ነገር ላይ አለ። ያ ለስላሳ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ያዳልጣል። ሰው በፒንሳ ሲጎትተው አይቻለሁ፣ ባትሪ ላይ በፒንሳ!

ባለ 90፦ ያ ሰው በፒንሳ መጎተቱ የሶኬቱ ጥፋት ሆነ?

ባለ ካውያ፦ ለዚህ ሥራ ሁለቱም ይበቃሉ። ስታርተር ጥቂት ሰከንድ ስቦ ያቆማል። ሁለቱም ተገልብጠው አይገቡም። ፕላስ ማይነሱን አገላብጦ የበየደ ሰው ካለ ግን ቢጫም ሆነ ቀይ አያድነውም። ዘንጉ ወደኋላ ይዞራል፣ ባለ አንድ አቅጣጫው ኩሽኔታ ይንሸራተታል፣ እናንተ ደግሞ «ስታርተሩ ተበላሸ» ትላላችሁ።

አዲስ ገቢ፦ የኔ ሰማያዊ ነው።

ባለ 90፦ አንተ ደግሞ ሦስተኛ አምጣ።

ገንዘብ ያዥ፦ ስለ አንዲት የፕላስቲክ ቁራጭ ነው ይኼ ሁሉ? ባትሪው ራሱ አልተመረጠም።

ባለ 90፦ አንቺ የያዝሽው ገንዘቡን ነው። ባትሪውን ሜዳ ላይ የሚያበድረው እኔ ነኝ። ቢጫ ከሆነ አላበድርም፤ ቁርጡን ልንገራችሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ አታበድር። እኔም ያለ ደረሰኝ የወጣውን የነዳጅ ሂሳብ ጉባኤ ላይ አነሣለሁ።

ጋሼ ሮተር፦ ልጆች፣ ተዉ። እኔ ያን ስታርተር ስሰጥ ሶኬትም አልነበረውም። ራቁት ሽቦ ነበር። ሁላችሁም በእሱ በርራችኋል።

የሜዳ ኃላፊ፦ ጋሼ እውነታቸውን ነው። ሶኬቱ ይቆይ። ይልቅ አንድ ሰው የተቀየረውን ስታርተር 90ው ላይ ይሞክረው። ያኔ አራት ሴል ይሁን ሦስት እናውቃለን።

ባለ ካውያ፦ እኔ። ቅዳሜ። ገመዱን ቆርጬ፣ በይጄ፣ ሜዳ ላይ አመጣዋለሁ። ከሥራ በፊትና በኋላ የባትሪውን ቮልት እለካለሁ።

ባለ 90፦ ሞተሬን አቀርባለሁ። ነዳጅ ያልጠጣ ሞተር ነው፣ አስቀድሜ ልናገር።

ጸሐፊ፦ ጥሩ። እስከ ቅዳሜ ማንም እንዳይጽፍ።

ነዳጅ ቀማሚ፦ አንድ ነገር ብቻ። ሊፖውን ማን ነው ቤቱ የሚያስቀምጠው? ሞልቶ ሳምንት መቀመጥ የለበትም፤ በሴል 3.8 ቮልት ገደማ ነው ማረፊያው። ከ3 በታች ከወረደ ደግሞ ሄደ። የጋራ ባትሪ ማለት ማንም የማይሞላው፣ ማንም የማያወርደው ባትሪ ነው። ለዚህ ለዚህ የኒኬል ባትሪ ይሻል ነበር። ከባድ ነው፣ ግን ቢረሱት አያኮርፍም።

ጸሐፊ፦ እንዳትጽፉ አልኩ እኮ።

የሜዳ ኃላፊ፦ ቅዳሜ አለፈ። ባለ ካውያ፣ ስታርተሩስ?

ባለ 90፦ እኔ ሞተሬን ይዤ ፀሐይ ላይ ቆሜ ነበር።

አዲስ ገቢ፦ ሰውየው መስመር ላይ አለ፤ ይኼን አንብቦታል።

ጋሼ ሮተር፦ ስታርተሬ ተቆርጧል ወይስ አልተቆረጠም? ይኼን ብቻ ንገሩኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ እስኪመለስ ድረስ የማኅበር ንብረት እሱ እጅ መሆኑ ይመዝገብ። አሁን ባለ ገመዱም የለንም ማለት ነው።

ነዳጅ ቀማሚ፦ ገመዱ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው ያሳሰበኝ። ትናንት ከባዱን 12 ቮልት ባትሪ አያስፈልግም ብላችሁ እቤት ትታችሁት መጣችሁ። የኤሌክትሪክ ነዳጅ ፓምፑ በምን ይሥራ? የካንዴላ ማሞቂያውን ፓናል የሚመግበውስ ማን ነው? በእጅ ፓምፕ አራት ታንክ ሞላሁ፣ ክንዴ ወለቀ። ስታርተሩ ገመድ አልባ ሆነ ማለት ሳጥኑ ቀረ ማለት አይደለም።

የሜዳ ኃላፊ፦ ልክ ነው። ማሞቂያው እንኳ በአንዲት 1.2 ቮልት ኒኬል ሴል በእጅ ይያዛል። ፓምፑ ግን 12 ይፈልጋል።

ባለ 90፦ ለፓምፑም ሊፖ ይታሰርለት።

ነዳጅ ቀማሚ፦ በየትኛው ሶኬት?

ባለ 90፦ አትጀምረኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው ሳጥኑ ነው መታደስ ያለበት። እንጨቱ ነዳጅ ጠጥቶ አብጧል፤ ክዳኑ አይዘጋም። ስታርተር እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ይምጣ። የጋራው ሳጥኑ ይሁን። ቢያንስ ማንም ቤቱ አይወስደውም።

ጋሼ ሮተር፦ ሳጥን እኔ እሠራለሁ። እንጨት አለኝ። ስታርተሩ ግን ይመለስልኝ።

ባለ 90፦ ቆይ፣ የራሱን ይዞ ይምጣ ማለት ምን ማለት ነው? የመጣነው የጋራ ስታርተር ልንገዛ አይደለም እንዴ?

ጸሐፊ፦ ሦስተኛው ረቂቅ፦ «ማኅበሩ አንድ የሜዳ ሳጥን ያሠራ። ሳጥኑ የ12 ቮልት ባትሪ፣ የነዳጅ ፓምፕ፣ የካንዴላ ማሞቂያ ፓናል እና ለስታርተር የሚሆን ክፍት ቦታ ይኑረው። የሊፖ ማስቀመጫው ብረት ይሁንና ከነዳጁ ይራቅ። የስታርተር ምርጫ በንዑስ ኮሚቴ ይጠና።» ንዑስ ኮሚቴው ባለ 90፣ ነዳጅ ቀማሚና ባለ ካውያ ናቸው።

ባለ 90፦ ከጠፋ ሰው ጋር ነው ኮሚቴ የምገባው?

ነዳጅ ቀማሚ፦ እኔ ፓምፑ ካለ ይበቃኛል።

ገንዘብ ያዥ፦ ለሳጥኑ እፈርማለሁ። ለንዑስ ኮሚቴው ምንም በጀት የለም።

የሜዳ ኃላፊ፦ ልኩን አስቀድማችሁ ንገሩኝ። አሁን ያለው ራሱ መኪናዬ ኋላ የሚገባው ወንበሩን አጥፌ ነው።