የተረሳ ባልዲ ለሦስት ሰዓታት መንገድ ያዘጋል?

የቅቤ ነጋዴዋ ልጅ፦
ከተማዋን አልጠራም። ወሎ ውስጥ ናት፣ ቆላ ናት፣ ገበያዋ ሰኞ ነው። እናቴ ከገጠር የገዛችውን ቅቤ በቅጠል ጠቅልላ በቀለም ባልዲ ይዛ መናኸሪያ ወረደች። ክዳኑ በመንገድ እንዳይከፈት በሽቦ አስራዋለች። ባልዲውን ከአግዳሚ ወንበር ሥር አስቀምጣ ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ የቀረውን ጆንያ ለማስወረድ ሄደች። ስትመለስ ሰው ሁሉ ወጥቷል፣ በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል። «ልጄ፣ ባልዲው የእኔ ነው» ብትለው «እማማ፣ ወደ ኋላ» አላት። ሦስት ጊዜ ነገረችው፤ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ተባለች። ዋናው መንገድ ከአራት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ተዘጋ። በመጨረሻ አንዱ ፖሊስ ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ይዞ መጣና ባልዲውን ገፍቶ ጣለው። ቅቤው በፀሐይ ቀልጦ ኖሮ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። ሕዝቡ አሥር እርምጃ ርቆ በስልኩ እየቀረፀ ይስቅ ነበር።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ፖሊስ አበዛው ወይስ ልክ ነበር? እኔ አበዛው ባይ ነኝ።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦
ለእናትሽ አዝናለሁ፤ ኪሳራው ቀላል አይደለም። ግን እኔ በጦር ሠራዊቱ የመሐንዲስ ክፍል ፈንጂ ሳመክን የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ከእናንተ ወገን አልቆምም። አፉ በሽቦ የታሰረ፣ ባለቤቱ አጠገቡ የሌለ፣ ሰው ከሚቀመጥበት ወንበር ሥር የተገፋ ዕቃ እኔም ብሆን አልነካውም። ይህ አገር ጦርነት ያለፈበት ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በኅዳር 2014 ወደ መንግሥት እጅ ሲመለሱ በየማሳው፣ በየጎርፍ መውረጃው፣ በየትምህርት ቤቱ ግቢ ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ቀርቶ ነበር። አዲስ አበባም ቢሆን ሰኔ 16 ቀን 2010 መስቀል አደባባይ ላይ በተወረወረው ቦምብ ሁለት ሰው ሞቷል፣ ከመቶ በላይ ቆስሏል። ቅቤ ይተካል፤ እግር አይተካም።

ባለባጃጁ፦
ጋሼ፣ እግር እንደማይተካ እናውቃለን። የሰኞ ገበያ ግን በሳምንት አንድ ቀን ነው። እኔ የባጃጅ ኪራይ የምከፍለው በቀን ነው፤ መንገዱ ተዘግቶ ነበር ብዬ ባለቤቱ አይቀንስልኝም። ማክሰኞ የመጣው ገበያተኛ ደግሞ ሰኞ ያጣሁትን አይመልስም።

የታሪክ መምህሩ፦
አሜሪካ ውስጥ ቦስተን የሚባለው ከተማ ለሁለታችሁም ወገን መረጃ አለው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2007 ባትሪና ሽቦ ያላቸው፣ የካርቱን ሥዕል በመብራት የሚያሳዩ ትንንሽ ሰሌዳዎች በየድልድዩ ላይ ተገኙ። ፖሊስ ድልድይ ዘጋ፣ መንገድ ዘጋ፣ በወንዙ ላይ የሚደረገውን የጀልባ ጉዞ እንኳ አቆመ። ለካ የቴሌቪዥን ፊልም ማስታወቂያ ናቸው! ሰሌዳዎቹ እዚያ ከተሰቀሉ ሳምንታት አልፈዋል፤ ያው ሰሌዳ የተሰቀለባቸው ሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ግን እንዲህ አልተሸበሩም። ኩባንያው ሁለት ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፣ አገሩ ሁሉ በቦስተን ፖሊስ ሳቀ።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በኤፕሪል 2013፣ በዚያው ከተማ በማራቶን መጨረሻ መስመር ላይ በጀርባ ቦርሳ የተቀመጡ ሁለት ቦምቦች ፈነዱ። የተሠሩት ከምን መሰላችሁ? በእንፋሎት ከሚያበስል ብረት ድስት። ሦስት ሰው ሞተ፣ ከ260 በላይ ቆሰለ። በ2007 የሳቀው ሰው በ2013 ምን ይበል?

የቅቤ ነጋዴዋ ልጅ፦
መምህር፣ የ2013ቱ ቦርሳ እኮ ማንም ሳያስተውለው የፈነዳ ነው። በ2007 ድልድይ መዘጋቱ ለእነዚያ ሟቾች ምን ጠቀማቸው? ብዙ መደንገጥና በደንብ ማየት አንድ አይደሉም።

የታሪክ መምህሩ፦
እዚህ ላይ ያዝሽኝ።

ነርሷ፦
እኔ ደግሞ ከሌላ በኩል ልምጣ፤ ክርክሩ ከተማ ውስጥ ብቻ እየተሽከረከረ ነው። የምሠራበት ጤና ተቋም እጁ የተቆረጠ የአሥር ዓመት ልጅ መጥቶልን ያውቃል። ከብት ሲጠብቅ ያገኘውን ብረት ለቁራሌው ሊሸጥ በድንጋይ ሲቀጠቅጠው ነው የፈነዳበት። አባቱ እያለቀሰ የነገረኝን አልረሳም፦ ያ ብረት እዚያ መኖሩን መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ለሚመለከታቸው ተናግረናል፣ እንመጣለን ብለው ቀሩ። መናኸሪያ ውስጥ ለቅቤ ባልዲ ሦስት ሰዓት መንገድ ይዘጋል፤ እውነተኛው ቦምብ ያለበት ማሳ ዙሪያ ግን አንዲት ቀይ ምልክት የሚተክል ጠፋ። አበዛው ወይስ አላበዛውም ከማለታችን በፊት የት አበዛው፣ የት ረሳው እንበል።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦
እህቴ፣ ይህ እውነት ነው፣ ያማልም። እኔ የምከራከረው ስለ ባልዲው ነው።

ከፖሊስ ቤት፦
ስሜን አልጽፍም። በዚያ ከተማ አልነበርኩም፤ ተመሳሳይ ነገር ላይ ግን ቆሜ አውቃለሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። አንድ ሰው እየሮጠ መጥቶ «ቦምብ አለ» ይልሃል። የለበስከው ሸሚዝ ነው። ያለህ ዱላና ፊሽካ ነው። ፈንጂ አምካኙ ከሌላ ከተማ ነው የሚመጣው፤ መኪና ካገኘ። ከፍተህ ብታየውና ቢፈነዳ ሞኝ ነበር ይሉሃል። ሳትከፍት ብትዘጋና ቅቤ ቢሆን ይስቁብሃል። ከሰኔ 16ቱ ፍንዳታ በኋላ «ጥበቃው ላልቷል» ተብለው የፖሊስ ኃላፊዎች ታስረዋል፤ መንገድ አበዝቶ ዘጋ ተብሎ የታሰረ ፖሊስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ታዲያ ወደየትኛው አደላለሁ?

እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ፣ የእኛዋ ፋጡማ ሮባ ማራቶን ባሸነፈችበት ዋዜማ፣ ሪቻርድ ጁወል የሚባል የጥበቃ ሠራተኛ ከወንበር ሥር ቦርሳ አይቶ ሰው አስነሣ። ቦምቡ ፈንድቶ ሰው ገደለ፣ ከመቶ በላይ አቆሰለ፤ እሱ ባያየው ኖሮ የሟቹ ቁጥር በብዙ ይበልጥ ነበር። ምስጋናው ምን ሆነ? ራሱ ተጠርጥሮ ሦስት ወር ያህል ስሙ ጠፋ። በዚህ ሥራ ትክክል ሆነህም አትድንም።

የቅቤ ነጋዴዋ ልጅ፦
ወንድሜ፣ አብሽር፤ ጭንቀትህ ገብቶኛል። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ቦምብ ነው ብላችሁ ከፈራችሁ በእንጨት መግፋት ምንድን ነው? አይደለም ብላችሁ ካመናችሁ ደግሞ ሦስት ሰዓት ለምን?

ከፖሊስ ቤት፦
ለእንጨቱ ጥብቅና አልቆምም።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦
እኔም አልቆምም! ስለ እንጨቱ መጀመሪያ ሳነብ አልፌው ነበር፤ አሁን ተመልሼ ሳየው ደሜ ፈላ። የአሥር እርምጃውን ነገር ደግሞ አስቡት። እንግሊዞች በሚሰጡት መመሪያ ለቦርሳ መጠን ያህል ዕቃ ሰው ቢያንስ 100 ሜትር ይራቅ፣ ለትልቅ ዕቃ ወይም ለትንሽ መኪና 200 ሜትር፤ ሬዲዮና ስልክ ደግሞ በ15 ሜትር ውስጥ አይነካ ይላሉ። በአሥር እርምጃ ላይ ስልክ ይዞ የቆመ ሕዝብ ተጠብቋል አይባልም፤ ለፍንጣሪ ቀርቧል እንጂ። ባልዲው ቦምብ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ሦስት ሰዓት መዘጋቱ አንድም ነፍስ አያድንም ነበር።

እነዚሁ እንግሊዞች ከመዝጋታቸው በፊት የሚጠይቁት ሦስት ነገር አለ። ዕቃው ሆን ተብሎ ተደብቋል ወይ? በግልጽ የሚያጠራጥር ነገር፣ ሽቦ፣ ባትሪ፣ ፈሳሽ ይታይበታል ወይ? ለቦታው እንግዳ ነው ወይ? የእናትሽ ባልዲ በሽቦው ምክንያት በሁለተኛው ያጠራጥራል። በሦስተኛው ግን አያጠራጥርም፤ በገበያ ቀን መናኸሪያ ውስጥ ባልዲ ከሌለ ነው እንጂ ካለ ምን ይገርማል።

የታሪክ መምህሩ፦
ጋሼ፣ ታዲያ ወገን ቀየሩ ማለት ነው?

ጡረተኛው መሐንዲስ፦
አልቀየርኩም። ባልዲውን መጠራጠር ልክ ነው፤ ሰውን ማስወጣትም ልክ ነው። ያጠፉት ከዚያ በኋላ ነው። ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማ «የእኔ ነው» እያለች ሳለ መጠየቅ የነበረባቸው ቀላል ነበር፤ ውስጡ ምንድን ነው? ክዳኑ ምን ቀለም ነው? ከየትኛው መኪና ወረድሽ? ረዳቱ ያውቅሻል? አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ባለባጃጁ፦
ሊስትሮዎቹም ነበሩ። ከዚያ ወንበር ፊት ለፊት ነው የሚቀመጡት፤ ማን ምን እንዳስቀመጠ ከእነሱ የሚያመልጥ የለም። መጀመሪያ የተባረሩት እነሱ ናቸው።

ከፖሊስ ቤት፦
ይህን እቀበላለሁ። ባለቤት ነኝ የሚለውን ሰው መስማት የትም ቢሆን የመጀመሪያው ሥራ ነው። ግን አንድ ነገር ጨምሩበት፤ ገጠሬ ሴት ነጠላዋን ተከናንባ «የእኔ ነው» ስትል ጆሮ የሚሰጥ የለም። ባለሱፍ ሰውዬ «የእኔ ነው» ቢል ኖሮ ባልዲው በአምስት ደቂቃ ይነሣ ነበር። ይህን የምለው ከውስጥ ስለማውቀው ነው።

ነርሷ፦
እውነቱን ተናገርክ።

የቅቤ ነጋዴዋ ልጅ፦
ይህንን ለእናቴ አነበብኩላት። «ነጠላው አይደለም፣ ሽቦው ነው» አለችኝ፤ አሁንም ለፖሊሱ ታዝናለች። ከዚያ ሰኞ ወዲህ ክዳኑን የምታስረው በጨርቅ ነው። ባልዲውንም መሬት አታስቀምጥም፤ ሚኒባሱ እስኪራገፍ ድረስ ክዳኑ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች።