ለቁስል ቅባታችን ፓተንት (የፈጠራ መብት ጥበቃ) መቼ እናመልክት?

ሰላም ወገኖች። ደብረ ብርሃን ላይ ከመቅመቆ ሥር የቁስል ቅባት እያዘጋጀን ነው። አንድ መምህር፣ አንዲት የማስተርስ ተማሪና እኔ ነን። መነሻችን የአንድ የአንኮበር አባት ዕውቀት ነው። ሥሩን አድርቀው ይወቅጡና በቅቤ ለውሰው ቁስል ላይ ያደርጉታል።

መቅመቆ ለቁስል እንደሚሆን ድሮም ይታወቃል። ስለዚህ እሱን ፓተንት ማድረግ አይቻልም፤ እኛም አንፈልግም፣ የእሳቸው ነው። ስለ ጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አጠቃቀም በወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ጠይቀናል፤ ድርሻቸውም በጽሑፍ እንዲሰፍር እንፈልጋለን።

የኛ አዲስ ነገር አሠራሩ ነው። የበፊቶቹ ቅባቶች ሲያድሩ ይለያዩ ነበር፦ ላዩ ውሃ፣ ታቹ ቢጫ ዝቃጭ። ውሃውንና ቅባቱን የሚያያይዘውን ነገር ቀይረን፣ የምንጨምርበትን ሙቀትና ቅደም ተከተል ስናስተካክል ወጥ ሆኖ ቆመልን።

ችግሩ ጊዜው ነው። ተማሪዋ የመመረቂያ ጽሑፏን በቅርቡ በይፋ ታቀርባለች። በዝግ እንዲሆን ብንጠይቅም አልተፈቀደም። የፓተንት ሕጋችን፣ አዋጅ ቁጥር 123/1987፣ አመልካቹ ራሱ ከማመልከቱ በፊት ይፋ ያደረገውን እስከ 12 ወር ይታገሳል። አውሮፓ ግን እንዲህ ያለ እፎይታ የለም፤ እዚያ ሳይመለከት አንዴ ይፋ ከወጣ አዲስ ስለማይባል ፓተንቱ አለቀ። በሌላ በኩል በ40 ዲግሪ ሙቀት የሚደረገው የ6 ወር፣ ቅባቱ ሳይበላሽ የመቆየት ሙከራ ገና መጀመሩ ነው። የፓተንቱ 15 ዓመትም ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ ነው የሚቆጠረው፤ ከቸኮልን ዕድሜው ገበያ ሳንገባ ያልቃል።

በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ ባለን ውጤት ከመመረቂያው በፊት እናመልክት፣ ወይስ የአሠራሩን ዝርዝር ከጽሑፉ አውጥተን ሙከራው እስኪያልቅ እንጠብቅ?