ስዊዘርላንድን በባቡር፦ እናቴ ሎዛን ላይ ለገሃርን ስታገኝ

ከሽቱትጋርት፦ ሰላም ቤተሰብ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታለች፤ ለአምስት ቀን ስዊዘርላንድን ላሳያት አስቤያለሁ። መኪና ልከራይ ወይስ በባቡር ይሻላል? ጀርመንኛ እችላለሁ፤ እሱ ይበቃኛል?

ከበርን፦ እህቴ፣ እናትሽ እንኳን በሰላም መጡልሽ። መኪናውን እርሺው። የዚህ አገር ጨዋታው ባቡር ላይ ነው።

ጀርመንኛሽ ግማሽ መንገድ ያደርስሻል። እሱም ቢሆን ጉድ አለበት። እኔ ቤ አንድ የሚሉትን የመካከለኛ ደረጃ የጀርመንኛ ምስክር ወረቀቴን ይዤ ሥራ የገባሁ ቀን ባልደረቦቼ ሲያወሩ አንድ ቃል አልያዝኩም። ለካ የሚያወሩት የአገሬውን ጀርመንኛ ነው። ዙሪክ «ግሩኤትሲ» ብለሽ የለመድሽው ሰላምታ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ በርን ላይ ሌላ ሆኖ ይጠብቅሻል። ደግነቱ ከጠየቅሻቸው ወደ መጽሐፉ ጀርመንኛ ይመለሱልሻል።

ከበርን ወደ ሎዛን ስትሄዱ በግራ በኩል ተቀመጡ። ፍሪቡር ጋ ሁለቱ ቋንቋዎች፣ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ፣ ይገናኛሉ። ሰዎቹ ድንበሩን «የሮሽቲ ቦይ» ይሉታል፤ ሮሽቲ የጀርመንኛው ወገን የሚወደው የተጠበሰ ድንች ነው። ከዚያ ዋሻ ውስጥ ትገባላችሁ፤ ስትወጡ ሐይቁ ከነወይን እርከኑ እግራችሁ ሥር ተዘርግቷል። ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ ይህን ሲያዩ የመመለሻ ትኬታቸውን በመስኮት ይወረውራሉ እየተባለ ይቀለዳል። እማዬ ባለፈው ዓመት ስትመጣ እስከዚያ ድረስ እንቅልፍ ላይ ነበረች። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ «ባሕር አላቸው እንዴ?» አለችኝ።

ሎዛን ወርደን አንዱን መንገድ ስጠይቀው «ላ ጋር» እያለ ወደ ጣቢያው ጠቆመ። እማዬ ክንዴን ያዘችኝ። «ለገሃር አለ!» ከዚያ በኋላ ፈረንሳይኛ አልፈራችም። የገረመኝ ደግሞ ሌላ ነው። የጅቡቲን ሐዲድ ለመዘርጋት በ1894 እ.ኤ.አ. ከምኒልክ ፈቃድ የተቀበለው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የፍራውንፌልድ ልጅ ነው፤ ጀርመንኛ ከሚናገረው ከሰሜን ምሥራቅ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኢልግ ግን ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ዙሪክ ውስጥ ሞቷል። ለገሃርን ሳያያት።

ጄኔቭ ለአንድ ቀን ይበቃል። ከሐይቁ ወደ ላይ የሚፈናጠረውን ውኃ አሳዪያቸውና፣ ጃንሆይ ሰኔ 1936 እ.ኤ.አ. በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት በአማርኛ የተናገሩት በዚህች ከተማ መሆኑን ንገሪያቸው። የእኔዋ እዚያ ስትደርስ ብዙም አላወራችም።

ቅዳሜን ለቤሊንዞና አስቀምጪ። ከዙሪክ ሁለት ሰዓት አይሞላም። 57 ኪሎ ሜትር የሆነው የጎትሃርድ ዋሻ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የተከፈተው፣ ጆሮሽን ደፍኖ ሃያ ደቂቃ ገደማ ያቆይሻል፤ ከወዲያ በኩል ጣልያንኛ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌው ከተማ ውስጥ ገበያ ይቆማል፤ «መርካቶ» ነው የሚሉት። ፒያሳም አላቸው። እማዬ እግሯን በርዷት ስለነበር አንዷን ነጋዴ በአማርኛ «ካልሲ አለሽ?» አለቻት። ሴትዮዋ ሁለት ጥንድ ካልሲ አወጣችላት። ዋጋ ለመከራከርም ሞክራ ነበር፤ እሱ ግን አልተሳካም።

አራተኛውን ቋንቋ፣ ሮማንሽን፣ ከፈለግሽ ወደ ግራውብዩንደን ተራሮች መውጣት አለብሽ። እኔም ከ«ቡን ዲ» በላይ አላውቅም።

ስለ ገንዘቡ፦ የቀን ትኬት ቀደም ብለሽ ከገዛሽ በጣም ይረክሳል። «ሽፓርቢሌት» የሚሉት ርካሽ ትኬት ግን ለዚያው ባቡር ብቻ ነው። እኔ በሃያ ደቂቃ ቀድሞ በሚሄደው ተሳፍሬ ቅጣቴን ተከናንቤያለሁ። ጄኔቭና በርን ላይ ሆቴል ካደራችሁ የከተማው አውቶቡስ ነፃ ነው። ውኃ አትግዢ፤ አደባባይ ላይ የሚፈሰው ይጠጣል። እሑድ ደግሞ ከጣቢያ ውጭ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው፤ ቅዳሜ ሸምቺ።

ከቢል፦ የበርኑ ወንድማችን ጥሩ ብሏል። ለመኖር ለምታስቡ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው የሚኖርበትን ካንቶን፣ ማለትም ክፍለ ግዛት፣ አይመርጥም፤ ይመደባል። ቋንቋውም አብሮ ይመደብለታል ማለት ነው። እኔ ሎዛን አካባቢ ሦስት ዓመት ፈረንሳይኛ ተማርኩ፤ ሥራው የተገኘው ግን በጀርመንኛው በኩል። ሲ የሚሉትን የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ስትጠይቁ የሚፈለገው የምትኖሩበት አካባቢ ቋንቋ ነው፤ የሌላው ምስክር ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ቢል የገባሁት ለዚህ ነው፤ እዚህ የመንገዱ ስም ሳይቀር በሁለቱም ተጽፏል። ዳቦ ቤቷ ውስጥ ሻጯ በጀርመንኛ ትጀምራለች፣ እኔ በፈረንሳይኛ እመልሳለሁ፣ ዳቦዬን ይዤ እወጣለሁ።

ከሽቱትጋርት፦ ኧረ ተባረኩ! ለእማዬ አነበብኩላት። ካልሲ ሳትይዝ ልትሄድ ነው የምትለው።